የደጋ ልጆች በሐመር ላይ

ከደባርቅ ከተማ ወጥቶ ወደ ትግራይ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጥቂት እንደ ተጓዘ ምድር ከእግሩ ሥር ተቈርጣ የወደቀች ይመስለዋል፤ የሊማሊሞ ገደል ከዚያ ይጀምራልና። የዳባትና የወገራ ሜዳ፣ የገብሱ ማሳ፣ የበጉ መንጋ፣ ጠዋት ጠዋት መሬቱን እንደ ነጠላ የሚያለብሰው ጭጋግ ሁሉ ከኋላው ይቀራል፤ ከፊቱም አምባው በአምባ ላይ ተደራርቦ፣ ቆላው በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ፣ ተከዜም በማይታይ ጥልቀት ውስጥ ሲፈስ፣ ዓይን የደከመበትን ቦታ አሳብ ተቀብሎ እስከ ምጽዋ ወደብ ድረስ ያደርሰዋል። በዚህ አፋፍ ላይ ተወልዶ ያደገ ልጅ ባሕርን አስቀድሞ የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ሙሴ የከፈለውን ባሕር፣ ዮናስ የተጣለበትን ቀላይ፣ ጌታችን ነፋሱን ገሥጾ ጸጥ ያሰኘባትን ሐመር ከካህን አፍ ይሰማል፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ማዕበሉ እንደ ስሜን ተራራ ተደርድሮ ተሥሎ ያያል።

እንዲህ ያለው ልጅ መርከብ ላይ ወጥቶ ገመድ መሳብን፣ የነፋስን አቅጣጫ ማወቅን፣ ሌሊቱን በከዋክብት ማንበብን ተማረ ሲባል፣ ደገኛን ከባሕር ምን አገናኘው ብሎ የሚደነቅ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ነገር ግን ታሪክን የዘነጋ ነው። የሀገራችን ወጣቶች በመርከብ ላይ መኖርንና መሥራትን የተማሩበት ታሪክ ቍርጥራጩ በየሰው ዘንድ አለ፤ አንዱ አዱሊስን፣ አንዱ ልዑል ዓለማየሁን፣ ሌላው ነጭ ልብስ የለበሰውን የምጽዋን ባሕረኛ ያስታውሳል። እነዚህን ቍርጥራጮች በየዘመናቸው አስቀምጦ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ይኸውም ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ የተቋረጠው ልጆቹ ባሕሩን ስለ ፈሩት ሳይሆን ዳርቻው ስለ ተዘጋባቸው መሆኑ ነው።

እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፦ የአዱሊስ ዙፋን

ስለ ስሜን ተራሮች ከተጻፉት ጥንታውያን ቃላት አንዱ የተገኘው በተራራ ላይ ሳይሆን በባሕር ወደብ ነው። ክርስትና ወደ አክሱም ከመግባቱ አስቀድሞ የነገሠ፣ ስሙ ግን ከጽሑፉ ራስጌ ጠፍቶ እኛ ዘንድ ያልደረሰ አንድ ንጉሥ፣ በአዱሊስ ከተማ ነጭ የእብነ በረድ ዙፋን አቁሞ የዘመቻውን ታሪክ በጽርዕ ቋንቋ አስቀርጾበት ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ንጉሡ ከወንዝ ማዶ፣ መውጫቸው አስቸጋሪ በሆነ፣ በረዶውና ውርጩ በማይለያቸው፣ እግር እስከ ጉልበት በሚሰጥምባቸው ተራሮች ላይ የሚኖሩትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ ይናገራል። ያው ንጉሥ ባሕረ ኤርትራን አሻግሮ ወደ ዐረብ ምድር መርከቦችንና ሠራዊትን እንደ ሰደደ፣ በመጨረሻም ወደ አዱሊስ ወርዶ በባሕር ላይ ስለሚጓዙት ሰዎች ለአማልክቱ መሥዋዕት እንዳቀረበ ያስረዳል። የስሜን ውርጭና ስለ መርከበኞች የቀረበው ጸሎት በአንድ ዙፋን ላይ ተጽፈው ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ቍጥር ደባርቅና ባሕሩ የተራራቁት በኋላ ዘመን እንጂ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይሰማኛል።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የሀገሪቱን ሃይማኖት የለወጠው ነገር የመጣው በመርከብ ላይ ከነበሩ ሁለት ብላቴኖች ነው። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ፣ ዘመዶቹ የሆኑትን ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን እያስተማረ ሩቅ ሀገር ሊያሳያቸው በባሕር ይዟቸው ሄዶ ሲመለስ፣ መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ በዚህ ዳርቻ ላይ ቆመ። በዚያን ጊዜ በዳርቻው ሰዎችና በሮማውያን መካከል የነበረው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ያሉት ሁሉ ተገደሉ፤ ሁለቱ ብላቴኖች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኝተው ከሞት ተረፉ፣ ወደ አክሱም ንጉሥም ቀረቡ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የመዛግብት ሹም ሆነ፤ ፍሬምናጦስም በኋላ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በአትናቴዎስ እጅ ተሹሞ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 26 ቀን የምታስበው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆነ። ይህን ታሪክ የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ ነገሩን የሰማው ካህን ሆኖ በጢሮስ ከተቀመጠው ከራሱ ከኤዴስዮስ ነበር። ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ከቤተ መንግሥቱ ይጀምረዋል፤ እኔ ግን በመርከብ ላይ በመጽሐፍ ላይ አጎንብሰው የነበሩትን ሁለቱን ልጆች ማለፍ አይሆንልኝም።

የአክሱም የባሕር ሥራ ከሁሉ ጐልቶ የታየው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዐፄ ካሌብ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ሰማዕትነት ወደ ሒምያር በተሻገረ ጊዜ ነው። በአዱሊስ ወደብ በገበዛ፣ ከሰሜኑ ባሕር ወደቦች፣ ከደሴቶችና ከህንድ ንግድ የመጡ 60 ያህል መርከቦች ተሰበሰቡ፤ ንጉሡም በዚያው 10 መርከብ አሠርቶ ጨመረባቸው። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በዚያን ጊዜ በአዱሊስ ነበርና፣ ንጉሡ የዙፋኑ ጽሑፍ ግልባጭ እንዲላክለት የከተማውን ገዢ ባዘዘው ጊዜ፣ ጽሑፉን ከጓደኛው ከሜናስ ጋር የገለበጠው እርሱ ነው፤ የስሜን ስም ከድንጋዩ ተርፎ እኛ ዘንድ የደረሰው በአንድ ባሕር ተሻጋሪ ነጋዴ ብዕር መሆኑን ልብ ይሏል።

የቢዛንጥዩም ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮጵዮስ እንደሚነግረን የዚያ ባሕር መርከቦች በምስማር የተመቱ አልነበሩም፤ ሳንቃቸው በገመድ የተሰፋ ነበር። እንዲህ ባለ መርከብ ላይ የሚያገለግል ወጣት የመጀመሪያ ትምህርቱ ስፌት ነው፤ ስፌቱ ሲላላ ማጥበቅ፣ በስፌቱ ቀዳዳ የሚገባውን ውኃ ቀንና ሌሊት እየቀዱ ማፍሰስ ይጠበቅበታልና። ሁለተኛው ትምህርት ነፋስን መጠበቅ ነው። በባሕረ ኤርትራ ደቡባዊ ክፍል ነፋሱ በበጋ ከደቡብ፣ በክረምት ከሰሜን ይነፍሳል፤ ከዚህ ሥርዓት የወጣ መርከብ ወራትን ሙሉ በወደብ ታስሮ ይቀራል። የደጋ ገበሬ የዘርና የአጨዳን ጊዜ እንደሚያውቅ፣ የሸራ ምሰሶ ሥር ያደገ ልጅ የመነሻንና የመመለሻን ጊዜ ያውቃል። በግእዝ መርከበኛን ኖትያዊ ብለው የጠሩት ሊቃውንት ቃሉን ከጽርዕ ሲወስዱ፣ ቃሉ የሚያመለክተው ሥራ በዓይናቸው ፊት ይሠራ ነበር።

ከ7ኛው እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፦ የዳርቻው መራቅ

ይህ ሁሉ እንዴት ተረሳ ለሚል ሰው መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። የአክሱም ኃይል ደከመ፣ የንግዱ መንገድ ወደ ፋርስ ባሕር ዞረ፣ አዱሊስም ፈረሰች። ከኢትዮጵያ ዳርቻ የተነሡ መርከቦች እ.ኤ.አ. በ702 ጅዳን ሲመቱ፣ ጅዳን ይገዙ የነበሩት ኡመያውያን በምላሹ የዳህላክን ደሴቶች ያዙ። ከዚያ ወዲህ የሀገሪቱ ልብ ወደ ደቡብና ወደ ደጋው እየሸሸ ሄደ፤ ላስታ፣ ሸዋ፣ ኋላም ጎንደር። ባሕር ነጋሽ የሚለው ማዕረግ በቤተ መንግሥቱ መጽሐፍ ውስጥ ሲኖር፣ ባሕሩ ራሱ ግን በየጊዜው የሌላ ሰው ሆነ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦቶማኖች ምጽዋን ከያዙ በኋላ ደግሞ በሩ ቍልፍ ተደረገበት።

ሆኖም ሐበሾች ከመርከብ አልጠፉም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በህንድ ውቅያኖስ የተጓዘው ኢብን ባቱታ፣ በመርከብ ላይ የሐበሻ ተዋጊዎች መኖር የደኅንነት ዋስትና እንደ ነበረ፣ ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ ያለበትን መርከብ የባሕር ወንበዴዎች ይሸሹት እንደ ነበር ጽፏል። በህንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የጃንጂራን የባሕር ምሽግ ይዘው የቆዩት፣ ለሞጎሎችም ንጉሥ የመርከብ ጦር አዛዦች የሆኑት ሲዲዎች ከምሥራቅ አፍሪካና ከሐበሻ የመጡ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ክብራቸው የሚያኮራ ነው፤ የክብራቸው መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጀመረው በባርነት መሆኑን መሸፈን ለታሪክ መዋሸት ነው። ከደጋው ሥር የተማረኩና የተሸጡ ልጆች በሲራራ ነጋዴ ተነድተው ወደ ዳርቻ ወርደዋል፣ ሳንቡቅ በሚባል ጀልባ ሆድ ውስጥ ተጭነው ባሕር ተሻግረዋል። የእነዚህ ልጆች የመርከብ ትምህርት ገመዱን ከመያዝ ሳይሆን በገመድ ከመታሰር የተጀመረ ነው፤ ስማቸውን የጻፈላቸውም የለም።

በዚህ ዘመን የስሜን ግርጌ የባሕሩ መንገድ ደጅ ነበረ። ከምጽዋ የተነሣ ሲራራ ዐድዋን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሊማሊሞ ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ወገራን አቋርጦ ጎንደር ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነው፤ ሦስት ወር መሆኑ ነው። ጨርቅና ጠመንጃ በዚህ ገደል ወጣ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወረደ። የደባርቅ ልጅ የባሕሩን ዕቃ ሁሉ ያያል፤ ባሕሩን ግን አያይም።

ከ1847 እስከ 1872 ዓ.ም.፦ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ

የስሜን ሰው ስም ከመርከብ ጋር እንደ ገና የተገናኘው በሐዘን ነው። ስሜንንና ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከዳርቻው ጋር ብዙ የተላላኩ፣ መሣሪያ ለማግኘትም ዓይናቸውን ከባሕሩ ያላነሡ ሰው ነበሩ። ለራሳቸው ንግሥ ያሰቡትን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ ድል አድርጓቸው በዚያው በደረስጌ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ንጉሡ ኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ፤ ከእርስዋም በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ።

እንግሊዞች ቴዎድሮስ ያሰራቸውን ሰዎቻቸውን ሊያስፈቱ በመጡ ጊዜ ከ200 የሚበልጡ መርከቦች፣ አብዛኞቹም ባለ ሸራ፣ በዙላ ወሽመጥ መልሕቃቸውን ጣሉ። ዙላ ማለት የአዱሊስ ፍርስራሽ የሚገኝበት ምድር ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የንጉሡ አምባ መቅደላ ወደቀች፣ ቴዎድሮስም በገዛ እጁ ሞተ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ስትወሰድ በመንገድ ሞታ በጨለቆት ተቀበረች፤ የሰባት ዓመቱ ልጅዋ ብቻውን ወደ ዙላ ወረደ፣ ፌሮዝ በምትባል የእንፋሎት መርከብ ላይም ወጣ። የስሜን ስም በተቀረጸበት ወደብ የስሜኑ ገዢ የልጅ ልጅ በባዕድ መርከብ ተጫነ።

ዓለማየሁ ወደ መርከብ የወጣው ሥራ ሊማርበት አይደለም። ነገር ግን በደጋ የተወለደ ሕፃን ተራራ ከዓይኑ ሲጠፋ፣ ምድር ከእግሩ ሥር ስትወዛወዝ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚጮኹ ሰዎች ሲከቡት የሚሆነውን ለማሰብ የፈለገ ሰው ከእርሱ ይጀምር። በእንግሊዝ ሀገር በንግሥት ቪክቶሪያ ጥበቃ ሥር አድጎ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐረፈ፤ በዊንድሰርም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። ወደ ዙላ የሚመልሰው መርከብ አላገኘም።

ከ1876 እስከ 1945 ዓ.ም.፦ ተዘግቶ የከረመው በር

በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዞችና ከግብጾች ጋር በዐድዋ በተፈራረሙት ውል በምጽዋ በኩል ዕቃ በነፃ እንዲያልፍ ተስማምተው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ጣልያኖች ምጽዋን ያዙ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ትውልድ ያህል መርከብ ለኢትዮጵያ ልጅ የስደት ወይም የመልእክተኛ መሣፈሪያ እንጂ የሥራ ቤት አልሆነም። ጣልያን ሀገሪቱን ሲወርር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በ1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ የወጡት በእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው።

ወራሪው ግን ሳያስበው አንድ ነገር ትቶ ሄደ። ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ እያጠማዘዘ ቆርጦ አወጣው። የጣልያኖች የወልቅፊት ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ የብሩስን ሲራራ ሦስት ወር ያደከመው መንገድ በጭነት መኪና በቀናት የሚወረድ ሆኖ ተገኘ።

ከ1945 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ የምጽዋ ትምህርት ቤት

በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትተሳሰር፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ባሕር ያልነበረው መንግሥት ባለ ረጅም ዳርቻ ሆነ፤ ዳርቻውን የሚጠብቅ ግን አንድ የሠለጠነ መርከበኛ አልነበረውም። በ1940ዎቹ ማብቂያ የባሕር ኃይሉ ተመሠረተ፣ የመኮንኖች ኮሌጅም ተከፈተ፤ የኮሌጁ ትምህርት ከአራት ዓመት በላይ የሚፈጅ ነበር። ምጽዋ ዋናው የጦር ሠፈር ሆነች። ኃይሉን ያደራጁት የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ናቸው፤ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጡረታ የወጡ ሰዎችም አስተምረዋል። ከኢትዮጵያውያን መካከል የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ በአዛዥነት የቆሙለት ሰው ነበሩ።

ኖርዌይን መምረጡ መልካም አሳብ ነበር እላለሁ። ኖርዌይ ተራራዋ ከባሕር የተጣበቀ፣ ልጆችዋን በለጋ ዕድሜ በሸራ መርከብ ላይ አውጥታ የምታሠለጥን ሀገር ናት፤ በ1914 እ.ኤ.አ. የተሠራው ስታትስሮድ ሌምኩል፣ በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራው ክርስቲያን ራዲክ የተባሉት ባለ ሦስት ምሰሶ መርከቦች ለዚሁ የቆሙ ናቸው። ለትምህርት ወደ ውጭ ከተላኩት ዕጩ መኮንኖቻችንም አንዳንዶቹ በጣልያን ሀገር ሊቮርኖ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ ሌሎች ወደ አሜሪካው አናፖሊስ ሄደዋል። የሊቮርኖ አካዳሚ የማሠልጠኛ መርከብ አሜሪጎ ቬስፑቺ ናት፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ባሕር የገባች፣ ርዝመትዋ 100 ሜትር ያህል፣ ሸራዋ 26 የሆነ፣ ትእዛዙ በፉጨት የሚተላለፍባት፣ ሸራው በሰው ክንድ የሚሳብባት። ሞተር ባለበት ዘመን ወጣትን በሸራ ላይ ማሠልጠን ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ምክንያቱ ይህ ነው፦ በሞተር የሚሄድ ሰው ነፋሱን ሳያውቅ መሄድ ይችላል፣ ጓደኛውንም ሳያውቅ መኖር ይችላል፤ በሸራ የሚሄድ ግን ሁለቱንም አይችልም። አንድ ገመድ የሚስቡ ሃያ ልጆች በአንድ ትንፋሽ ካልሳቡት ገመዱ አይመጣም፤ ከምሰሶው ጫፍ ላይ የቆመው ልጅም ሕይወቱን ከታች ገመዱን ለያዘው ጓደኛው አደራ ሰጥቶ ነው የሚወጣው።

የራሳችን ማሠልጠኛ መርከብ የመጣችው በጥር 1954 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የተሠራች፣ ኦርካ ተብላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ባሕር የተዋጋች፣ ርዝመትዋ 95 ሜትር የሆነ የባሕር አውሮፕላኖች ረዳት መርከብ ነበረች። ስምዋ ተለውጦ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። በየዓመቱ በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት የጦር መርከቦች ጎን ለጎን መልሕቅ ሲጥሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀበሉአቸው በዚህች መርከብ ላይ ሆነው ነበር።

ከደጋ የወረደ ወጣት በእንዲህ ያለች መርከብ ላይ ሲገባ የሚማረው ነገር ከመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። አስቀድሞ መዋኘት ይማራል፤ የስሜን ወንዝ ጥልቅ ገደል እንጂ ዋና የሚለመድበት አይደለምና። ከዚያ ሙቀቱን ይማራል፤ ምጽዋ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ብርድ ለምዶ ያደገ ገላ ሌሊት እንኳ ዕረፍት አያገኝባትም። የመጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ ሆዱ ይገለበጣል፣ ራሱ ይዞራል፤ አለቃው ግን ከዘብ አያሰናብተውም፣ ምክንያቱም ከአድማስ ላይ ዓይንን ተክሎ መሥራት የባሕርን ሕመም ያቀልላል። ቀኑ እንደ ገዳም ሰዓታት የተከፈለ ነው፤ በየአራት ሰዓቱ ዘብ ይለወጣል፣ እኩለ ሌሊት የተቀሰቀሰ ልጅ ተነሥቶ መሪውን ይጨብጣል፣ ኮምፓሱን ያነብባል፣ የነፋሱንና የባሕሩን ሁኔታ በመዝገብ ይጽፋል። አልጋው ጠባብ፣ በላይና በታች የተደራረበ ነው፤ ቁጣን ይዞ የሚርቁበት ሜዳ የለም፤ ሰው ከሰው ጋር የተጣላ እንደ ሆነ ከመምሸቱ በፊት መታረቅ ግዴታው ይሆናል። አንድ ነገር ግን ከደጋው ይዞት የሚመጣ አለ፤ ከብት የጠበቀ ልጅ ሰማይን ያውቃል፣ በሌሊት ኮከብ ይለያል፣ ዝናብ ከየት እንደሚነሣ ከሩቅ ያሸታል። ይህ ዕውቀት የከዋክብትን ከፍታ የሚለካው ሴክስታንት በእጁ ሲገባ አዲስ ስም አገኘ እንጂ አዲስ አልነበረም።

ከጦሩ ጎን የንግዱም መርከብ ቆመ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ «ንግሥተ ሳባ»፣ «የይሁዳ አንበሳ» እና «ላሊበላ» በተባሉ ሦስት መርከቦች ሥራ ጀመረ። የዛጔው ቅዱስ ንጉሥ ስም በመርከብ ጎን ላይ ተጽፎ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ የዚያ ዘመን ሰው የተሰማው ደስታ ዛሬ ቢነገር እንኳ ሙሉ በሙሉ አይገባም።

ከ1967 እስከ 1989 ዓ.ም.፦ የመርከቦቹ ስደት

ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ካወረደ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ልዑል እስክንድር ደስታ ከሌሎች ባለ ሥልጣኖች ጋር ተገደሉ። አሠልጣኞቹ ተለወጡ፤ ዕጩ መኮንኖች ወደ ሌኒንግራድ ሄዱ፣ የሶቪየት መርከቦችና የሚሳይል ጀልባዎች በኖርዌይና በአሜሪካ የተጀመረውን ሥርዓት ተኩ። ከዚህም ይልቅ የከፋው፣ ትምህርት ቤት የነበረው ባሕር የወንድማማች ጦር ሜዳ መሆኑ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በኤርትራ ተዋጊዎች እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲፈርስ መርከቦቹ መልሕቃቸውን አንሥተው ወጡ፤ አብዛኞቹም ወደ የመን ተሰደዱ፤ «ኢትዮጵያ»ም ከእነርሱ ጋር ነበረች።

አገር የሌለው መርከብ ምን እንደሚሆን ከዚያ ታየ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ዕጩ መኮንኖችን ያሠለጠነችው «ኢትዮጵያ» በ1985 ዓ.ም. ለብረት ተሸጠች። የቀሩት ከየመን ወጥተው ጅቡቲ ተጠጉ፤ የወደቡ ኪራይ ስላልተከፈለ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለጨረታ ቀረቡ። የባሕር ኃይሉ ሰዎች የት ሄዱ ለሚል፣ በየከተማው ተበትነው ኖረዋል፤ ገመድ የመቋጠር ጥበባቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ግን አላገኙም። የአዱሊስ ጊዜ የሆነው ነገር በዓይናችን ፊት ደግሞ ሆነ፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ለመርሳት መቶ ዓመታት ሲያስፈልጉ፣ አሁን አምስት ዓመት መብቃቱ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ፦ ባሕር የሌለው መርከበኛ

የንግዱ መርከብ ግን አልቆመም። ኤርትራ ስትለይ ወደብ ባጣችው ሀገር ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ በጅቡቲ በኩል፣ ጭነቱን መሸከሙን ቀጠለ፤ በ2000ዎቹ በቻይና ሀገር የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ሲጨመሩለት «ባሕር ዳር»፣ «ሐዋሳ»፣ «ጅግጅጋ» የሚባሉ የየብስ ከተሞች ስሞች በውቅያኖስ ላይ ተነበቡ። በዚያው ዘመን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በማሪታይም ትምህርት ላይ ተሠማርቶ፣ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ለመርከብ መኮንንነት ማሠልጠን ጀመረ። የደንገል ታንኳ ካህናትንና እንጨትን ከደሴት ወደ ደሴት በሚያመላልስበት በጣና ዳር፣ የውቅያኖስ መርከብ ሞተር መማር ተጀመረ ማለት ነው። ሥልጠናው ካበቃ በኋላ ተማሪው ወደ መርከብ ገብቶ በባሕር ላይ ወራትን ካላሳለፈ ማዕረጉ አይጸናም፤ ይህ ሕግ ለዓለም መርከበኞች ሁሉ አንድ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት የባሕር ኃይሉን እንደ ገና ለማቋቋም ማሰቡን ተናገረ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ለዚሁ ስምምነት ተደረገ። ከባሕሩ በፊት መርከበኛው ሊሠለጥን ይገባል ወይስ ከመርከበኛው በፊት ባሕሩ ሊገኝ ይገባል የሚለው ክርክር በየስፍራው ይሰማል። እኔ ግን ክርክሩ ያለ እርሱ ሊካሄድ የማይገባውን ወጣት አስባለሁ።

ከወገራ ወይም ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተምሮ፣ በዕጩ መኮንንነት ከጅቡቲ ወደ ጅዳ በሚሄድ መርከብ ላይ የተሣፈረ ልጅ፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ለዘብ ይነሣል። መርከቡ ባብ ኤል መንደብን ወደ ኋላ ትቶ ወደ ሰሜን ሲያመራ ዳህላክ በስተግራው ያልፋል፤ ከዳህላክ ወዲያ፣ በካርታው ጠርዝ፣ ወደ የብስ ውስጥ የገባ ወሽመጥ አለ፣ ስሙም ዙላ ተብሎ ተጽፏል። መብራት አይታይበትም። ልጁ የኮምፓሱን አቅጣጫ፣ የነፋሱን ብርታት፣ ሰዓቱን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ ተተኪው ሲመጣ መሪውን አስረክቦ፣ ደረጃውን በእጁ እየዳሰሰ ወርዶ ይተኛል።